ያቺ ግራጫ ተክል ማን ናት?

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ተክል ነው የማወራችሁ። ትልቅ አይደለችም፣ ከጉልበት በታች ናት። የበቀለችበት ቦታ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚያየው ዓይነት አይደለም። ድንጋይ ነው፣ ጠጠር ነው፣ እዚህም እዚያም የተሰነጣጠቀ አፈር ነው። ከጓደኛዬ ጋር በዚያ ተዳፋት ስንወርድ እሱ ውሃ ሊጠጣ ቆመ፣ እኔ እግሬ ሥር አየኋት። ቅጠሏ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ወደ ጫፏ ጠጋ ብሎ ሮዝም ቀይም የሚሉ ጥቃቅን አበቦች አሉ። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አለኝ። እኔም ጎንበስ እንኳ ሳልል ስሟን ነገርኩት።

ተሳስቼ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ። ቤት ገብቼ ፎቶዋን ለስልኬ አፕ ሰጠሁት፣ እሱ ሌላ ስም ነገረኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ያም ስህተት ሆነ። ሦስተኛው ስም ላይ የደረስኩት ተመልሼ ሄጄ፣ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ፣ በአጉሊ መነጽር አንዲት ቅጠል ላይ ረጅም ሰዓት ካፈጠጥኩ በኋላ ነው። ከሁለቱ ስህተቶች የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያሳሳተኝን ልንገራችሁ። ቀለሟ ነው። የአተር ቤተሰብ ውስጥ ቴፍሮሲያ የሚባል ወገን አለ፣ ወገን የምለው የተቀራረቡ ዝርያዎችን ስብስብ ነው። ስሙ የመጣው አመድማ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። እኔ ይህን አንብቤ ስለነበር አመድማ ተክል ሳይ በቃ ቴፍሮሲያ ናት አልኩ። የስም ትርጉም ማወቅ ከተክሉ ጋር መተዋወቅ መስሎኝ ነበር።

ግን አስቡት። ደረቅና ራቁት መሬት ላይ የሚኖር ተክል ችግሩ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ነው። ውሃ የለም፣ ፀሐይ ይበዛል፣ ነፋሱ ያደርቃል፣ ቅጠል የሚፈልግ እንስሳ ይዞራል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ተቀራራቢ መፍትሔ ይሄዳል። ቅጠሉን ያሳንሳል። ገላውን በጥቃቅን ጸጉር ይሸፍናል፣ ጸጉሩ ብርሃን ይመልሳል፣ ቅጠሉ ላይ የሚያልፈውንም ደረቅ አየር ያረግባል፣ ከሩቅ ሲታይ ግራጫ የሚመስለው ለዚህ ነው። እሾህ ያወጣል። ዝቅ ብሎ ይተኛል። ምንም ዝምድና የሌላቸው ተክሎች እንኳ እንዲህ ባለ ቦታ ሲኖሩ እህትማማች ይመስላሉ። ግራጫነት የሰፈሩ ዩኒፎርም ነው እንጂ የዘር ምልክት አይደለም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰልፍ ውስጥ ሰው ስትፈልጉ ልብሱን አታዩም፣ ፊቱን ነው የምታዩት።

ይባስ ብሎ ያው ተክል ልብሱን ይቀይራል። ከዚያች ግራጫ ተክል ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ዳር፣ እጥፍ የምትሆን አረንጓዴ ተክል ነበረች። ሌላ ዝርያ መስላኝ ለብቻዋ መዝግቤያት ነበር። ያቺው ራሷ ናት! ውሃ ስላገኘች ብቻ ቅጠሏን አሰፋች፣ ጸጉሯን አሳሳች።

ስለዚህ ጥያቄው፣ ቦታው የማይቀይረው የትኛውን ነው? የአበባው አሠራር፣ የፍሬው ቅርጽ፣ የቅጠሉ ሥርጭት፣ የጸጉሩ አተካከል። ቀሪው ንግግሬ በሙሉ በእነዚህ ዙሪያ ነው።

ከአበባው እንጀምር፣ አበባ ካገኛችሁ ማለቴ ነው። የአተር ወይም የባቄላ አበባ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። አምስት የአበባ ቅጠሎች አሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። ከላይ አንድ ሰፊ ቅጠል እንደ ባንዲራ ቆሟል። በጎን ሁለት ክንፎች አሉ። ከታች ደግሞ ሁለቱ ተጋጥመው እንደ ጀልባ ሆነው ተቀምጠዋል። ጀልባውን በሣር ጭራሮ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ግፉት፣ ውስጥ የተደበቁት የወንዴ ክሮች ብቅ ይላሉ። ነፍሳት ሲያርፉበት የሚሆነውም ይኸው ነው። ክሮቹን ቁጠሩ፣ አሥር ናቸው። ብዙ ጊዜ ዘጠኙ ከሥር ተጣብቀው ቱቦ ይሠራሉ፣ አሥረኛው ብቻውን ይቆማል። ይህ ለጌጥ አይደለም፣ ንቧ አፏን አስገብታ ማሩን የምትመጠው አሥረኛው ክር በተለየባት ቀዳዳ በኩል ነው። አሥሩም የተጣበቁባቸው አሉ፣ ክሮታላሪያና ኦኖኒስ እንደዚያ ናቸው። ይህም ራሱ ጠቃሚ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አታላይ ልጠቁማችሁ። ፖሊጋላ ይባላል። ደረቅ ቦታ ይወዳል፣ ትንሽ ነው፣ አበባውን ከሩቅ ስታዩት ክንፍም ጀልባም ያለው ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ግን ክንፍ የመሰሉት አበባውን ከውጭ ከሚያቅፉት ቅጠሎች ሁለቱ ናቸው፣ የወንዴ ክሮቹም ብዙውን ጊዜ ስምንት ናቸው። የአተር ቤተሰብ አይደለም። ሰዎች ይህን ተክል በስህተት የአተር ወገን ብለው ሲመዘግቡ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ እኔም ራሴ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ደግሞ በተቃራኒው፣ የአተር አበባ ሳይኖራቸው የቤተሰቡ አባል የሆኑ አሉ። ሴና አንዷ ናት። አምስት ቢጫ የአበባ ቅጠሎቿ ዘርዘር ብለው ነው የሚቀመጡት፣ ባንዲራ የለም፣ ጀልባ የለም። ብናኝ የሚይዙት የወንዴ ከረጢቶቿ ጫፋቸው ላይ በቀዳዳ ነው የሚከፈቱት፣ አንዳንድ ንቦች አበባዋን ይዘው የበረራ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ብናኙን ያራግፋሉ። ሴና ኢታሊካ የሚሏት ዝርያ ልክ የምናወራበት ዓይነት ራቁት መሬት ላይ ተንጋላ ትገኛለች፣ ዛላዋ፣ ማለትም ዘር የያዘው ፍሬዋ፣ ጠፍጣፋና ጎበጥ ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ዶሮ ኩክኒ ያለ ጉብታ ተሰልፎበታል። ያን ዛላ አንድ ጊዜ ካያችሁ አትረሱትም።

ቤተሰቡ ሰፊ ነው፣ ለዚህ ነው ግራ የሚያጋባው። ወደ 20,000 የሚጠጉ ዝርያዎች፣ ከ750 በላይ ወገኖች አሉት። ከሱፍ አበባ ቤተሰብና ከኦርኪድ ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ነው። ድሮ በሦስት ንዑስ ቤተሰብ ነበር የሚከፈለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም የዘርፉ ተመራማሪዎች ተሰባስበው ስድስት አደረጉት። መስክ ላይ ቆማችሁ ይህ ብዙም አያስጨንቃችሁ። አሮጌ መጽሐፍና አዲስ መጽሐፍ ባይስማሙ ግን ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እውነቱ እንምጣ። ደረቅ መሬት ላይ ያለች ተክል አመቱን ሙሉ አበባ ይዛ አትጠብቃችሁም። ዝናብ ጠብ ሲል ለጥቂት ሳምንት ታብባለች፣ በቃ። ስለዚህ በአብዛኛው የምታገኙት እንጨት፣ ጥቂት ቅጠል፣ ምናልባትም ከሥር የወደቀ አሮጌ ዛላ ነው። ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። እኔ ግን ከአበባ ይልቅ ዛላ ባገኝ እመርጣለሁ። አበባ ያምራል፣ ዛላ ግን አይዋሽም።

ዛላ ስትፈልጉ ተክሏን ብቻ አትዩ፣ መሬቱን እዩ። ድንጋይ ሥር፣ ሥሯ የወጣበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ነፋስ በሰበሰበው ጉድፍ ውስጥ ፈልጉ። ካገኛችሁ በኋላ ነገሩ ይቀላል። ተነፍቶ እንደ ፊኛ ሆኖ ስትነቀንቁት ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ክሮታላሪያን አስቡ፣ ስሙም ራሱ የሚንኳኳ መጫወቻ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ ከሆነ የአልፋልፋ ዘመዶች ናቸው። እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት እየጎበጠ የተቀጣጠለ ከሆነ ሂፖክሬፒስ ነው። አንድ ዘር ብቻ የያዘ፣ መረብ የመሰለ መስመር ያለበትና ጠርዙ ጥርስ ያወጣ ከሆነ ኦኖብሪኪስ ነው። ብዙ ዛላዎች ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ወፍ እግር ከተዘረጉ ሎተስ ነው፣ እሱ ደግሞ በቅጠሉም ይታወቃል፣ አምስት ንዑስ ቅጠል አለው፣ ሁለቱ ግን ወደ ግንዱ ተጠግተው ስለሚቀመጡ ሰው ሦስት ብቻ ነው ብሎ ይቆጥራል። የቴፍሮሲያ ዛላ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲደርቅ ድንገት ተሰንጥቆ ሁለቱ ግማሾች እንደ ገመድ ይጠማዘዛሉ፣ ዘሩም ይስፈነጠራል። የኢንዲጎፌራ ዛላ በብዛት ቀጭን፣ ቀጥ ያለና ድቡልቡል ነው፣ ክብሪት እንጨት ይመስላል።

ዘሩን አግኝታችሁ ማብቀል ብትፈልጉ ደግሞ አትቸኩሉ። የብዙዎቹ ቆዳ ውሃ አያስገባም። በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ፋቅ አድርጎ መዝራት ይረዳል። ጥንካሬው ለተክሉ ብልሃት ነው፣ አንድ ዝናብ አታልሎ ሁሉንም እንዳያበቅልና እንዳይጨርስ። ይህ የዘር ጥንካሬ ተረትም ወልዷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ካናዳ ውስጥ በረዶ ሆኖ ከቆየ አፈር የተገኘ የሉፒን ዘር 10,000 ዓመት ቆይቶ በቀለ ተብሎ ተጻፈ፣ ዓለምም ተቀበለው። በ2009 ዕድሜው በካርቦን ሲለካ የዘመናችን ዘር ሆኖ ተገኘ። ለአርባ ዓመት ያህል ስንት መጽሐፍ ላይ ተደገመ መሰላችሁ። የሰማችሁትን ሁሉ አትመኑ የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው።

ዛላም አበባም ከሌለስ? ያኔ ቅጠል ነው ያላችሁ። አብዛኛው የዚህ ቤተሰብ ቅጠል ድርብ ነው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ንዑስ ቅጠሎች ይሰለፋሉ። መጨረሻው ላይ አንድ ብቻውን የቆመ አለ ወይስ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልቃሉ? ይህን ጻፉ። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ እዩ፣ ትንሽ ያበጠ መገጣጠሚያ አለ፣ እንደ ጉልበት ነው። ቅጠሉ ማታ የሚታጠፈው፣ ቀትር ላይም ፀሐዩን የሚሸሸው በእሱ ነው። ፈረንሳዊው ደ ሜራን እ.ኤ.አ. በ1729 እንዲህ የምታጥፍ ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ፀሐይ ሳታይም ሰዓቷን ጠብቃ እንደምትታጠፍና እንደምትዘረጋ አይቷል። ለእኛ የሚጠቅመን ነገር ግን ቀላል ነው፣ ቀትር ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ቅጠሉ ከትክክለኛው ጠባብ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጠዋት ሂዱ።

ከቅጠሉ እግር ግራና ቀኝ ሁለት ጥቃቅን ጆሮዎችም ይኖራሉ። አንዳንዴ ቅጠል ያህላሉ፣ አንዳንዴ እሾህ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ቶሎ ረግፈው ጠባሳ ብቻ ይተዋሉ። ፖሊጋላ ይህ የለውም። ሌላው የሚያደናግረው ትሪቡለስ ነው፣ መሬት ላይ ተንጋሎ ድርብ ቅጠል ያሳያችኋል፣ ግን ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት፣ ፍሬው ደግሞ ጎማ የሚበሳ እሾህ ነው። የአተር ቤተሰብ ቅጠል በአብዛኛው እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው። ሦስት ቅጠል ያለው ሁሉም የአተር ዘመድ አይደለም፣ ኦክሳሊስም ሦስት ልብ መሳይ ቅጠል አለው፣ አበባው ግን አምስት እኩል ቅጠል ነው። እንዲያውም ጭራሽ ድርብ ያልሆነ ቅጠል ያላቸውም አሉ። አልሃጊን ተመልከቱ፣ የግመል እሾህ የሚሉት። ቅጠሉ ነጠላ ነው፣ ገላው እሾህ በእሾህ ነው፣ አበባው ግን ከእሾሁ ላይ ይወጣል፣ አበባውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ባንዲራ፣ ክንፍ፣ ጀልባ፣ ሁሉም ተሟልቷል።

ለብዙ ዓመት የምትኖር መሆኗንስ በምን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ግማሽ ያህሉን ተጠርጣሪ በአንድ ጊዜ ያስወጣላችኋል። መሬቱ ላይ አፈሩን በጣታችሁ ትንሽ ገለጥ አድርጉ። ያምናና የካቻምና ደረቅ ግንዶች ጉቶ አለ? ከአንድ ወፍራም እንጨታማ ራስ ላይ ብዙ ቀንበጦች ይነሳሉ? እንግዲያው ዓመቱን ጨርሳ የምትሞት አይደለችም። የአንድ ዓመት ተክል ቀጭን ሥር ይዞ በአንዴ ይነቀላል። እባካችሁ ግን ለመፈተን ብላችሁ አትንቀሉ! እዚያ ቦታ አንዲት ተክል ለመቆም ስንት ዓመት እንደፈጀባት አታውቁም። ሥሯንም አትጨርሱትም። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ቱሳን ከተማ አጠገብ በተቆፈረ የማዕድን ጉድጓድ የፕሮሶፒስ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። እሱ ዛፍ ነው፣ ልክ ነው፣ ግን የዚያው ቤተሰብ ነው።

"ሥሩን ቆፍሬ እባጩን ካየሁ አበቃ" የሚል ሰውም አለ። እባጩ ማለት ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት፣ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያዘጋጁበት ጉብጉብ ነው። ሁለት ጀርመናውያን፣ ሄልሪገልና ቪልፋርት፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ነው ይህን በግልጽ ያሳዩት። የአተር ወገኖች ምንም በሌለበት አፈር ላይ ደፍረው የሚኖሩበት አንዱ ምስጢርም ይኸው ነው። የሚሠራ እባጭ ስትቆርጡት ውስጡ ሮዝ ነው፣ ከደማችን ቀይ ነገር ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ስላለበት። ነገር ግን አፈሩ ሲደርቅ እባጩ ይረግፋል፣ ወይም ከምትቆፍሩት በታች ጥልቅ ይሆናል። ሴና ደግሞ ጭራሹንም የላትም። ስለዚህ እባጭ ማየት ደስ ይላል፣ አለማየት ግን ምንም አይነግራችሁም። ለዚህ ብሎ መቆፈር አያዋጣም።

አሁን ወደ ተንበረከክሁበት ጠጠር ልመልሳችሁ። ቴፍሮሲያ ናት ብዬ ነበር አይደል? ቴፍሮሲያን መፈተኛ ቀላል ዘዴ አለ፣ ስታሳዩት ልጆች ይወዱታል። ንዑስ ቅጠሉ ላይ የሚታዩት የጎን መስመሮች ጥቅጥቅ ብለው፣ ትይዩ ሆነው፣ ሰያፍ እስከ ጠርዙ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት ቀጥ ብሎ አይቀደድም፣ የቀስት ጫፍ ይመስል ሾጠጥ ብሎ ነው የሚቆረጠው። የእኔዋን ሳብኩት። እንደ ማንኛውም ቅጠል ተቦጫጨቀ። ቴፍሮሲያ አይደለችም። ስድስት ሰከንድ የሚፈጅ ፈተና ሳላደርግ ነው ለጓደኛዬ በሙሉ ልብ የመሰከርኩት።

አፑ ያለኝ ደግሞ አስትራጋለስ ነበር። አፑን አልሳደብም፣ አስትራጋለስ ወደ 3,000 ዝርያ ያለው በዓለም ካሉት የአበባ ተክል ወገኖች ትልቁ ነው፣ በብርድና በደረቅ አገር ያለ ግራጫ ድርብ ቅጠል አይቶ እሱን መገመት ያስኬዳል። ችግሩ ፎቶዬ ነው። ከላይ ቆሜ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያነሳሁት። መጠኑ አይታወቅም፣ የቅጠሉ ጀርባ የለም፣ ዛላ የለም። አፕ የሚያየው ያሳያችሁትን ብቻ ነው።

ተመልሼ ስሄድ አጉሊ መነጽር ያዝኩ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ በኪስ የሚገባ። የቅጠሉን ጀርባ አየሁ። ጸጉሩ ከቅጠሉ ላይ ቆሞ አልነበረም፣ ተኝቷል። እያንዳንዱ ጸጉር ሁለቱም ጫፉ ሹል ነው፣ ቅጠሉን የሚነካው በመሃሉ ነው። እንደ ኮምፓስ መርፌ ማለት ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው። ይህ የኢንዲጎፌራ ፊርማ ነው። ልቤ ዘለለ፣ ግን አንድ ጊዜ ስለተቃጠልኩ ቆም አልኩ። ከአስትራጋለስም ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጉር ያላቸው አሉና። ጸጉር ብቻውን አይበቃም።

ያን ቀን ሁለት አበባ ብቻ ነበር የቀራት። አንዱን በሣር ጭራሮ ነካሁት። ጠብ! አለ። ጀልባው በአንዴ ወደ ታች ተወረወረ፣ ክሮቹ ወደ ላይ ተፈናጠሩ፣ ብናኙ ቦነነ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፣ አንድ ጥይት ብቻ ያለው ጠመንጃ ነው። ኢንዲጎፌራ እንዲህ ነው የምታደርገው። ሁለተኛውን በመነጽር አየሁት፣ የጀልባው ግራና ቀኝ ላይ ትንንሽ ኪስ መሳይ ጉብታዎች ነበሩ፣ የወንዴ ከረጢቶቹ ጫፍ ላይም መርፌ ጫፍ የምታህል ሹል ነገር አለች። እንግዲህ አራት ምስክር አገኘሁ፣ ጸጉር፣ ፍንዳታ፣ ኪስ፣ ሹል ጫፍ። አንዳቸውም ከድርቀቱ የመጡ አይደሉም። ሰማያዊ ቀለም ለሺህ ዓመታት የተሠራው ከዚህ ወገን ቅጠል ነው። አረንጓዴውን ቅጠል ብትጨምቁት ሰማያዊ አታገኙም፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ተብላልቶ አየር ሲያገኘው ነው ቀለሙ የሚወጣው።

ስሙን ማወቅ ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። አስትራጋለስና ጎረቤቱ ኦክሲትሮፒስ መካከል ያለውን ልዩነት ልንገራችሁ። ሁለቱም ግራጫ፣ ሁለቱም ደረቅ ቦታ ወዳድ፣ ሁለቱም ድርብ ቅጠል። የጀልባውን ጫፍ እዩ። አስትራጋለስ ደነዝ ነው፣ ኦክሲትሮፒስ ምንቃር አለው፣ ስሙም ሹል ጀልባ ማለት ነው። ዛላውን ብትቆርጡት ደግሞ ውስጡን የሚከፍል ግድግዳ ካለ የአስትራጋለስ ከታችኛው ስፌት ነው የሚነሳው፣ የኦክሲትሮፒስ ከላይኛው። ከሁለቱም ወገን ግን ከብት የሚያሳብዱ ዝርያዎች አሉ። መርዙ ስዌይንሶኒን ይባላል። የሚገርመው፣ በእነዚህ ተክሎች መርዙን የሚሠራው ተክሉ ሳይሆን ውስጡ የሚኖር ፈንገስ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ተክል መርዛማ ሆኖ የዚያው ዝርያ ሌላው ላይሆን ይችላል። ሴሊኒየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአፈር መጥጠው የሚያከማቹ አስትራጋለሶችም አሉ። ክሮታላሪያም ጉበት የሚጎዱ ዝርያዎች አሉት። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ ልበል፣ የማታውቁትን የአተር ወገን አትቅመሱ። የአተር ዘመድ ነው ማለት ይበላል ማለት አይደለም።

መስክ ስትወጡ ምን ያዙ? መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ ይበቃል። ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ሙሉ ተክሉን ከነቦታው፣ ከዚያ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ የቅጠሉን እግር፣ አበባውን ከጎን፣ ዛላውን ከማስመሪያ ጋር። ከጎን የተነሳ የአበባ ፎቶ ከፊት ለፊት ከተነሳው አሥር እጥፍ ይጠቅማል፣ ጀልባው የሚታየው ከጎን ነውና። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አጠገቡ ምን እንዳለ፣ ቀኑን ጻፉ። የአበባውን ቀለም እዚያው ጻፉ፣ ሲደርቅ ይቀየራል። ናሙና መውሰድ ከተፈቀደ ከጎን አንድ ቀንበጥ ይበቃል።

ይህንኑ ባለፈው ሳወራ ከኋላ መቀመጫ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "እሺ ጋሼ፣ ኢንዲጎፌራ ናት፣ ግን የትኛዋ?" አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄዋ ግን ትክክል ነው። ወገኑ ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ደብተሬ ላይ የወገኗን ስም ጽፌ የዝርያዋን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። የመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ዛላዎቿ ገና አረንጓዴ ነበሩ፣ ርዝመታቸውን ለካሁ፣ ወደ ላይ ቆመው እንደሆነ ወደ ታች ተንጠልጥለው አየሁ፣ በውስጣቸው ስንት ዘር እንዳለ ግን ገና አልተቆጠረም። እሷ የትም አትሄድም፣ ሥሯ ድንጋዩ ውስጥ ነው። ዛላዎቹ ቡናማ ሲሆኑ እመለሳለሁ፣ መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ጠዋት በማለዳ ነው የምንነሳው፣ ጉልበታችሁ ሥር የምታነጥፉት ወፈር ያለ ጨርቅ ያዙ።